ስለ ወፎች ቈጠራ ውድድርና ስለሚያስገኘው ጥቅም

ሰው የሚያውቀውን ነገር ይጠብቃል፤ የማያውቀው ነገር ግን ከአጠገቡ ቢጠፋ እንኳ መጥፋቱን አያስተውልም። በመንደራችን ማለዳ የሚጮኹት ወፎች ስንት ዓይነት እንደ ሆኑ ብንጠየቅ፣ ርግብንና ቁራን፣ ጭልፊትንና ቆቅን ከጠራን በኋላ ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። በአንዳንድ አገሮች ግን ሰዎች በቡድን በቡድን ሆነው የወፎችን ዓይነት በመለየትና በመቍጠር ይወዳደራሉ፤ ከውድድሩም ገንዘብ ይሰበሰብና ወፎችን ከጥፋት ለማዳን ይውላል። ነገሩ ሲሰሙት የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን አጀማመሩንና የገንዘቡን ምንጭ ለተመለከተ ሰው ትልቅ ትምህርት አለበትና፣ መምህራንና ሽማግሎች እንዲያውቁት ከዚህ በታች እናስረዳለን። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

አደን በቈጠራ እንደ ተለወጠ

ቀድሞ በአሜሪካ አገር በልደት በዓል ቀን ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው፣ ጠመንጃ ይዘው ወደ ዱር የሚወጡበት ልማድ ነበር። ያገኙትን ወፍና አውሬ ሁሉ ሲገድሉ ውለው ማታ ሬሳውን ይከምሩታል፤ ክምሩ የበለጠለት ወገንም አሸናፊ ይባል ነበር። በ1900 ዓመተ ምሕረት ፍራንክ ቻፕማን የሚባል፣ በኒውዮርክ በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚሠራ የወፍ ሊቅ፣ በዚያው በልደት ቀን ወፎችን በመግደል ፈንታ መቍጠር እንደሚሻል በመጽሔቱ ጽፎ ሕዝቡን ጠየቀ። በመጀመሪያው ዓመት 27 ሰዎች በ25 ስፍራ ወጥተው 90 የሚያህል የወፍ ዓይነት ቈጠሩ። ይህም ቈጠራ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሲደረግ ይኖራል።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ቻፕማን ሰዎቹን በበዓል ቀን ወደ ዱር አትውጡ፣ አትደሰቱ አላላቸውም። መውጣቱን ተወላቸው፤ የሚወጡበትን ምክንያት ብቻ ለወጠው። ክፉ ልማድን የሚያስተው መከልከል ብቻ ሳይሆን፣ በስፍራው የተሻለ ነገር መተካትም ነው።

ገንዘቡ የሚገኝበት መንገድ

ገንዘብ የሚሰበሰብበት ውድድር ግን ከዚህ ብዙ ቈይቶ የመጣ ነው። ከታወቁት አንዱ በ1984 ዓመተ ምሕረት በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ክፍለ ሀገር፣ የዚያው ክፍለ ሀገር የኦዱቦን ማኅበር ያቋቋመው ነው። ውድድሩ የሚደረገው ወፎች በብዛት ወደ ሰሜን በሚመለሱበት በግንቦት ወር ነው። ከእኩለ ሌሊት ተጀምሮ በማግሥቱ እኩለ ሌሊት ያበቃል። በዚህ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚበዛ የወፍ ዓይነት ያየ ወይም በድምፁ የለየ ቡድን ያሸንፋል። ከአንዱ ዓይነት ሺህ ወፍ ቢታይ የሚቈጠረው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ተወዳዳሪዎቹ በሌሊት የጉጉትን ድምፅ ለመስማት በጫካ፣ ጎሕ ሲቀድ በማሳ፣ ቀን በባሕር ዳር ይገኛሉ። በመጀመሪያው ዓመት ያሸነፈው ቡድን 201 ዓይነት አገኘ። ከቡድኑም ሰዎች አንዱ ሮጀር ቶሪ ፒተርሰን ነበር፤ እርሱም በ1934 ዓመተ ምሕረት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ተራው ሰው ወፎችን በመልካቸው ምልክት እንዲለይ ያስተማረ ነው።

ገንዘቡ የሚመጣው እንዲህ ነው። ከውድድሩ አስቀድሞ እያንዳንዱ ቡድን ወደ ዘመዶቹ፣ ወደ ጎረቤቶቹና ወደ ነጋዴዎች ሄዶ ቃል ያስገባል። ለምሳሌ አንድ ሰው ቡድኑ ለሚያገኘው ለእያንዳንዱ የወፍ ዓይነት 2 ብር ለመስጠት ቃል ቢገባ፣ ቡድኑም 60 ዓይነት ቢያገኝ፣ ያ ሰው 120 ብር ይከፍላል። እንዲህ ያሉ 20 ሰዎች ቢገኙ 2,400 ብር ይሆናል። ለጋሹ ቡድኑ ስንት እንዳገኘ ለማወቅ ይጓጓል፤ ቡድኑም አንድ ዓይነት በጨመረ ቍጥር ገንዘቡ እንደሚጨምር ስለሚያውቅ ይተጋል።

ምስክሩ ማን ነው?

ወፍ አይታሰርም፤ ታይቶም ይበራል። ከየቡድኑ ኋላ የሚከተል ዳኛ የለም። ታዲያ ቡድኑ በእርግጥ አይቶ እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ለዚህ አንድ ሥርዓት ተደርጓል፤ ከዝርዝሩ እጅግ የሚበዛውን የቡድኑ ሰዎች ሁሉ ያዩት ወይም የሰሙት መሆን አለበት። አንዱ ብቻ አየሁ ቢል አይበቃም። ይሁን እንጂ ሰዎቹ ሁሉ ተስማምተው ቢዋሹ ይህ ሥርዓት አይይዛቸውም። እንግዲህ የውድድሩ መሠረት መታመን ነው። ቀድሞ ባነሣነው ምሳሌ ያላየውን አንድ ወፍ በዝርዝሩ ላይ የጨመረ ተማሪ፣ ከ20 ሰው 40 ብር ያለ አግባብ ወሰደ ማለት ነው። ተጠራጥሮ የተወው ግን አንድ ነጥብ ቢያጣም ስሙን አተረፈ። መምህር ይህን በሒሳብ ትምህርትም፣ በግብረ ገብ ትምህርትም ሊያስተምረው ይችላል።

ወፍ ወሰን አያውቅም

በ2014 ዓመተ ምሕረት በእስራኤል አገር፣ በቀይ ባሕር ዳር ባለችው በኤላት ከተማ ሌላ ውድድር ተጀመረ። ኤላት የስምጥ ሸለቆ በሚያልፍበት ስፍራ ናት፤ ያም ሸለቆ ወደ ደቡብ ወርዶ የእኛን አገር እስከ ሐይቆቹ ድረስ ከፍሎ ያልፋል። ክረምትን በአፍሪካ ያሳለፉ ሽመላዎችና ንስሮች በመጋቢት ወር በዚያ በኩል ወደ ሰሜን ይሻገራሉ። በኢትዮጵያ ሜዳ ላይ ያየነው ወፍ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በኤላት ሰማይ ሊታይ ይችላል።

በዚህ ውድድር ለብዙ ዓይነት አግኚ ብቻ ሳይሆን፣ ብዙ ገንዘብ ለሰበሰበውም፣ ያየውን ወፍ ስፍራ ለተፎካካሪዎቹ ሳይደብቅ ለነገረውም ክብር ይሰጣል። በመጀመሪያው ዓመት የተሰበሰበው ገንዘብ በዚያው በኤላት አልቀረም። በጆርጂያ አገር በባቱሚ ከተማ አጠገብ በየመጸው ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ አዳኝ ወፎች ሲያልፉ በጥይት ይመቱ ስለ ነበር፣ ያን ለማስቀረት ተላከ። በአንድ አገር የተጠበቀ ወፍ በሌላው አገር መንገድ ላይ ቢገደል ጥበቃው ከንቱ ነውና።

በትምህርት ቤታችን ቢሞከር

ለዚህ ሥራ ብዙ ዕቃ አያስፈልግም፤ ደብተር፣ እርሳስና ትዕግሥት ይበቃል። ተማሪዎች አራት አራት ሆነው ከንጋት እስከ ረፋድ ይቍጠሩ። ሽማግሎችም የወፎችን ስም በአገሩ ቋንቋ ያስተምሩ፣ በዝርዝሩም ላይ ዳኛ ይሁኑ። ጎጆ መነካካት፣ ዕንቍላል ማንሣት፣ ድንጋይ መወርወር ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። የተገኘው ገንዘብ በሕዝብ ፊት ተቈጥሮ በመዝገብ ይጻፍ፤ የሚውልበትም ሥራ፣ ለምሳሌ በምንጭ ዳር አገር በቀል ዛፍ መትከል፣ አስቀድሞ ይታወቅ። ነገር ግን የዓይነት ቈጠራ ወፎቹ በቍጥር መብዛታቸውን ወይም ማነሳቸውን እንደማይገልጥ ማወቅ ይገባል፤ ለዚያ በየዓመቱ በአንድ ስፍራና በአንድ ወቅት እያንዳንዱን ወፍ መቍጠር ያስፈልጋል።

ይህም ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። በ2015 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያም የሚገኙ አራት የጥንብ አንሳ ዓይነቶች እጅግ በከባድ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ተመዘገቡ። ከምክንያቶቹ ዋነኛው መርዝ ነው፤ ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ መርዝ በተደረገበት ሥጋ ላይ ያረፈ ጥንብ አንሳ ሁሉ ይሞታል። ጥንብ አንሳ ሲጠፋም በድኑ በሜዳ ይሸታል፣ ውሻም በእርሱ ላይ ይበዛል። በልጅነታችሁ በሞተ ከብት ላይ ስንት ጥንብ አንሳ ይወርድ እንደ ነበረ የምታስታውሱ ሽማግሎች ሆይ፣ ያን ቍጥር ለልጆቻችሁ ንገሩ። ልጆቹም ዛሬ የሚያዩትን ቈጥረው በአጠገቡ ይጻፉ። በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ምን ማድረግ እንደሚገባ ያስተምራቸዋል።