ከድምፁ በፊት የተደረገው ምርጫ፦ ኢሕአዴግ በ2010 ዓ.ም.

አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ ከጠየቁ በኋላ፣ የኢሕአዴግ ምክር ቤት መጋቢት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. ዶክተር ዐቢይ አሕመድን በ108 ድምፅ ሊቀ መንበር አድርጎ መረጠ። አቶ ሽፈራው ሽጉጤ 59 ድምፅ አገኙ። የአራቱ አባል ድርጅቶች ሕዝብ ብዛት እጅግ ቢለያይም እያንዳንዳቸው 45 መቀመጫ ስለነበራቸው፣ ማንም ብቻውን ሊያሸንፍ አይችልም ነበር።

ትግሉ ግን ወደ አዳራሹ ከመገባቱ አስቀድሞ የተጀመረ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 73 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል እንዲመረጥ ያዛል፤ የኦሕዴድ ሊቀ መንበር አቶ ለማ መገርሳ ግን የዚያ ምክር ቤት አባል አልነበሩም። ስለዚህ ድርጅቱ በየካቲት ወር ሊቀ መንበርነቱን ለዶክተር ዐቢይ ሰጥቶ አቶ ለማን ምክትል አደረገ። በእኔ ግምት ወሳኙ እርምጃ ይህ ነበር፤ መሪ ወንበሩን በፈቃዱ ለባልደረባው ሲለቅ በፖለቲካችን እምብዛም አላየንምና።

በምክር ቤቱ ስብሰባ የብአዴኑ አቶ ደመቀ መኮንን ራሳቸውን ከዕጩነት አገለሉ። ኦሕዴድና ብአዴን ቢደመሩ 90 ድምፅ ናቸው። ድምፅ አሰጣጡ ምስጢራዊ ቢሆንም፣ ቢያንስ 18 ድምፅ ከሌሎቹ ሁለት ድርጅቶች መምጣቱን ስሌቱ ራሱ ይነግረናል።