ሠራተኛና አሠሪ በጦርነት ዘመን

በወሎ ሰፈር እንደ ሌላው ሁሉ፣ እንጀራው ከፋብሪካ ደመወዝ የሚመጣለት ቤተሰብ አለ፤ ስለዚህ የሠራተኛ ማኅበር ነገር የቤተሰብም ነገር ነው። አገር በጦርነት ላይ ስትሆን ሠራተኛው ከመብቱ ምን ያህሉን ይተው? ይህን እንመርምር።

በ1934 ዓ.ም. አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በገባች ጊዜ፣ የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች ጦርነቱ እስኪፈጸም ሥራ ላለማቆም ቃል ገቡ። መንግሥትም ከሕዝብ አራት፣ ከሠራተኞች አራት፣ ከአሠሪዎች አራት ሰዎች የሚቀመጡበትን ሸንጎ አቋቋመ። በ1935 ዓ.ም. የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ሥራ ማቆማቸው ባይቀርም፣ አድማውን የተወ ሠራተኛ አቤት የሚልበት ደጅ ነበረው።

በአገራችን ግን በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1968 ዓ.ም. ፈረሰ፤ በ1969 ዓ.ም. የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተተካ። በዚያው ዓመት የሶማሊያ ጦር ወረረን፤ ሠራተኛውም ለግንባሩ እንዲተጋ ተጠራ። ታላላቅ ፋብሪካዎች በ1967 ዓ.ም. ተወርሰው ነበርና አሠሪው መንግሥት፣ የማኅበሩም ተቆጣጣሪ መንግሥት ሆነ። የተበደለ ሠራተኛ ታዲያ ለማን አቤት ይበል?

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ በፋብሪካ ውስጥ ግን ዝምታም ይነቅዛል። ለአገር መድከም የሚገባ ነው፤ የሚጸናው ግን ደካሚው ተጠይቆና ተሰምቶ ሲስማማ ነው።