በኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ውስጥ ቃልን ከአድራሻ ጋር ስለ ማያያዝ



በመሥሪያ ቤት የሚጻፍ ደብዳቤ ብቻውን የሚቆም አይደለም። «በቁጥር ይህን ያህል፥ በዚህ ቀን የተጻፈውን ደብዳቤ ይመለከታል» እየተባለ አንዱ ጽሑፍ ሌላውን ይጠራል። የተጠራውን ጽሑፍ ለማየት የፈለገ ሹም ተላላኪ ወደ መዝገብ ቤት ይልካል፤ መዝገቡ ከመደርደሪያው ወርዶ፥ አቧራው ተራግፎ እስኪመጣ ድረስም ጉዳዩ በጠረጴዛ ላይ ይቆያል። ዛሬ የምንነጋገረው ይኸው የመጥራት ሥራ በኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ፥ ማለት በኢሜይል፥ እንዴት እንደሚከናወን ነው። በኢሜይሉ ውስጥ ካሉት ቃላት ጥቂቶቹ በሰማያዊ ቀለም ተጽፈው ከሥራቸው ተሰምሮባቸው ይታያሉ፤ አንባቢው በጣቱ ወይም በማውሱ ሲጫናቸው የተጠራው ሰነድ ወዲያው ከፊቱ ይከፈታል። ይህንንም ሰዎች በተለምዶ «ሊንክ» ይሉታል። «አገናኝ» ወይም «ማያያዣ» የሚሉ መልካም የአማርኛ ቃላት መኖራቸው የታወቀ ነው፤ ዳሩ ግን በቢሮ ውስጥ «ሊንኩን ላክልኝ» የማይል ሰው እምብዛም ስለማይገኝ እኛም በዚሁ እንቀጥላለን።

የነገሩ ታሪክ ረጅም አይደለም። ጽሑፍን ከጽሑፍ ጋር በመሣሪያ የማያያዝን አሳብ «ሃይፐርቴክስት» ብሎ የሰየመው ቴድ ኔልሰን የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፥ ስያሜው በጽሑፍ የወጣው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ነው። በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን የተባለው መሐንዲስ ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው በመረብ የሚሄድ ኢሜይል ላከ። የዚያን ጊዜው ኢሜይል ግን እንደ ቴሌግራም ተራ ፊደል ብቻ የሚያስተላልፍ ነበረ። በ1989 ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቭ አጠገብ ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ሲሠራ የዌብን አሳብ አቀረበ፤ በ1992 ደግሞ «ማይም» የተባለው ደንብ ወጥቶ ኢሜይል ከተራ ፊደል ሌላ ሥዕልንም፥ ድምፅንም፥ የተቀነባበረ ጽሑፍንም እንዲሸከም አስቻለው። የዌብ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ፥ ኤች ቲ ኤም ኤል የሚባለው፥ ወደ ኢሜይል የገባው በዚህ በር ነው።

እንግዲህ ሊንክ ማለት ሁለት ነገር መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ አንዱ ለዐይን የሚታየው ቃል፥ ሁለተኛው ከቃሉ በስተ ጀርባ ተሰውሮ የሚኖረው አድራሻ ነው። ሁለቱ እርስ በርሳቸው እንዲስማሙ የሚያስገድድ ምንም ሕግ በመሣሪያው ውስጥ የለም። የሊንክ ጥቅምም አደጋም ከዚህ አንድ ነገር ይመነጫል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በመጀመሪያ ሊጠሩት የፈለጉት ሰነድ ያለበትን ገጽ ከፍተው አድራሻውን ይገለብጣሉ። ቀጥሎም በኢሜይሉ ውስጥ ዐረፍተ ነገሩን እንደ ወትሮው ጽፈው፥ ሊንክ የሚሆኑትን ቃላት ብቻ በማውሱ ጎትተው ይመርጣሉ። ከዚያም «ኮንትሮል» የተባለውን ቁልፍ ይዘው «ኬ» የሚለውን የላቲን ፊደል ይጫናሉ፤ በአፕል ኮምፒዩተር «ኮማንድ»ና «ኬ» ነው። ትንሽ ሣጥን ትከፈታለች፤ የገለበጡትን አድራሻ በውስጧ ለጥፈው ያጸድቃሉ። በጂሜይልም በአውትሉክም ሥራው ይኸው ነው። ከመላኩ አስቀድሞ ሊንኩን አንድ ጊዜ ራስ መክፈት ያስፈልጋል፤ ከአድራሻ አንዲት ፊደል ብትጎድል ሰነዱ ላይገኝ ይችላልና።

«አድራሻውን እንዳለ ለጥፌ ብልከው ምን ይጎድለዋል?» የሚል ሰው ይኖራል። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ምናልባት ብዙም አይጎድለው ይሆናል። ለአማርኛ ጸሐፊ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የዌብ አድራሻ በጥንተ ደንቡ የሚቀበለው የላቲንን ፊደልና ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ስለ ሆነ፥ የግእዝ ፊደል ያለበት አድራሻ ሲገለበጥ ብዙውን ጊዜ መልኩ ይለወጣል። አንድ የግእዝ ፊደል በኮምፒዩተር ውስጥ በ3 ባይት ይጻፋል፤ እያንዳንዱም ባይት በአድራሻ ውስጥ በመቶኛ ምልክትና በ2 ሌሎች ምልክቶች ይወከላል። ስለዚህ አንዷ ፊደል 9 ምልክት ትሆናለች ማለት ነው። በአማርኛው ዊኪፔዲያ «አዲስ አበባ» የሚለውን ርእስ አድራሻ ገልብጦ የለጠፈ ሰው 6ቱ ፊደሎች 54 ምልክት ሆነው ሲያገኛቸው ይደነግጣል። ይህን የመሰለ የመቶኛ ሠራዊት በደብዳቤ መካከል ማሰለፍ ለተቀባዩ ክብር አይመጥንም።

ሌላም ችግር አለ። በቋንቋችን ጠባይ «ን» እና «ም» ከቃሉ መጨረሻ፥ «ከ» እና «ለ» ከመጀመሪያው ይጣበቃሉ። ጸሐፊው ከተራው አድራሻ መጨረሻ «ን» ወይም አራት ነጥብ አስጠግቶ ቢጽፍ፥ አንዳንዱ ፕሮግራም ያንን የአድራሻው ክፍል አድርጎ ሊወስደውና ሊንኩን ከንቱ ሊያደርገው ይችላል። አድራሻው ከቃል በስተ ጀርባ ሲሆን ግን ሰዋስዋችን ነጻ ነው።

የትኞቹ ቃላት ሊንክ ይሁኑ የሚለውም ሊታሰብበት ይገባል። «እዚህ ይጫኑ» የሚለው ልማድ በጣም ተስፋፍቷል፤ ነገር ግን የሚያስመሰግን አይደለም። ለዐይነ ሥውራን ጽሑፍን በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች በአንድ ገጽ ያሉትን ሊንኮች ሰብስበው በዝርዝር ማሰማት ይችላሉ፤ አድማጩም «እዚህ፥ እዚህ፥ እዚህ» የሚል ብቻ ቢሰማ ምን ይረዳል? የሰነዱን ስም ራሱን፥ ለምሳሌ «የዓመት ፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ» የሚለውን፥ ሊንክ ማድረግ ለሁሉም ይበጃል።

አሁን ወደ አደጋው እንምጣ። የሚታየው ቃልና የተሰወረው አድራሻ የግድ አይስማሙም ብለናል። አጭበርባሪው «የባንክ ሂሳብዎን ያረጋግጡ» ብሎ ይጽፍና ከጀርባው የራሱን ቤት አድራሻ ያስቀምጣል፤ ይባስ ብሎም በሚታየው ስፍራ የእውነተኛውን ባንክ አድራሻ ጽፎ ከጀርባው ሌላ ሊያስቀምጥ ይችላል። የይለፍ ቃሉን በዚያ የጻፈ ሠራተኛ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ ጭምር ለሌባ አሳልፎ ይሰጣል። ስለዚህ ከመጫን በፊት የማውሱን ቀስት በቃሉ ላይ ሳይጫኑ ማሳረፍ ነው፤ የተሰወረው አድራሻ ይገለጣል። በእጅ ስልክ ከሆነ ጣትን በቃሉ ላይ ጥቂት ማቆየት ያሳያል።

የተገለጠውንም አድራሻ ማንበብ ለኢትዮጵያዊ አስቸጋሪ አይደለም። ከሁለቱ ዝርግ መስመሮች በኋላ እስከሚቀጥለው ነጠላ መስመር ያለው የባለቤቱ ስም ነው፤ አጻጻፉም እንደ እኛ ስም ልጅ፥ አባት፥ አያት እያለ በነጥብ እየተለየ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን አድራሻ «ነጥብ ጎቭ ነጥብ ኢቲ» በሚለው ይጨርሳል፤ ይህ የዘሩ ስም ነው። አጭበርባሪው ይህንኑ ጽፎ ከዚያ ወዲያ ሌላ ስምና «ነጥብ ኮም» ቢጨምርበት፥ ጎቭ ኢቲ የተባለው የልጅ ስም ሆነ እንጂ የዘር ስም አይደለም። ሌባ ልጁን «ዳኛቸው» ብሎ ቢጠራው ቤቱ ችሎት አይሆንም። በአድራሻው መጀመሪያ «ኤች ቲ ቲ ፒ ኤስ» መኖሩም ወይም የቁልፍ ሥዕል መታየቱ መልእክቱ በመንገድ ላይ እንዳይነበብ መሸፈኑን እንጂ የባለቤቱን ታማኝነት አይመሰክርም፤ ይህን ሽፋን ሌባም ያገኘዋል።

በመጨረሻ ለመዝገብ ቤት ሹሞች የሚሆን ነገር እንጨምር። በብዙ መሥሪያ ቤት ኢሜይል በወረቀት እየታተመ በፋይል ይታሰራል። በወረቀት ላይ ግን ሰማያዊው ቃል ይቀራል፥ አድራሻው ብዙውን ጊዜ ይጠፋል፤ ከ5 ዓመት በኋላ ፋይሉን የከፈተ ሰው የተሰመረበትን ቃል አይቶ ወዴት ይመራ እንደ ነበረ ሊያውቅ አይችልም። አድራሻው ቢታወቅ እንኳ ሰነዱ በዚያ ጊዜ ከስፍራው ተነሥቶ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ለውሳኔ መሠረት የሚሆን ሰነድ በሊንክ ብቻ ሊጠራ አይገባውም፤ ራሱ በአባሪነት ይላክ፥ ቁጥሩና ቀኑም በደብዳቤው ላይ በግልጽ ይጻፍ። ሰነዱ በውስጥ ማከማቻ የሚገኝ እንደ ሆነ ደግሞ ተቀባዩ ለመክፈት ፈቃድ ያለው መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ከሌላ መሥሪያ ቤት የሆነ ሰው ሊንኩን ተጭኖ በተዘጋ በር ላይ እንዳይቆም።