የበረዶ ውሃ በነጻ

የአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ በሚባለው ሰፊ የእርሻ አገር በአውቶሞቢል የሚጓዝ ሰው አንዱን ትንሽ ከተማ ከሌላው ለመለየት ይቸገራል። ከሩቅ የሚታየው ረጅሙ የእህል ጎተራና ከፍ ብሎ የተሠራው የውሃ ማጠራቀሚያ ነው፤ ቀጥሎም አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ ወይም ሁለት ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ትምህርት ቤትና ቡና የሚጠጣበት ምግብ ቤት ይገኛሉ። ከተሞቹ የተቆረቆሩት ገበሬው እህሉን በጋሪ አምጥቶ በባቡር እንዲጭን፣ ሲመለስም የሚያስፈልገውን ሸምቶ እንዲሄድ ነበር። ትራክተር የብዙ ሰው ሥራ ለብቻው መሥራት ከጀመረ፣ አውቶሞቢልም ገበያተኛውን ወደ ትልቁ ከተማ ማድረስ ከቻለ ወዲህ ግን ከብዙዎቹ ወጣቱ ወጥቶ ሄዷል፤ ወጣቱን ተከትሎም ሱቁ ተዘግቷል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ሱቅ ሲዘጋ ጉዳቱ የባለሱቁ ብቻ አይደለም፤ አዛውንቱ ለአንዲት ብልቃጥ መድኃኒት የግማሽ ቀን መንገድ መሄድ ይኖርባቸዋልና።

በሳውዝ ዳኮታ የምትገኘው ዎል በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ነዋሪዎቿ 700 ያህል ብቻ ነበሩ። ስሟ ግድግዳ ማለት ሲሆን፣ ያገኘችውም በአቅራቢያዋ እንደ ቅጥር ተገትሮ ከሚታየው ገደል ነው። በ1931 በታኅሣሥ ወር ሚስተር ቴድ ሂውስቴድ የተባሉ ወጣት የመድኃኒት ቀማሚ ከአባታቸው በወረሱት 3,000 ዶላር የዚህችን ከተማ መድኃኒት ቤት ገዙ። ጊዜው ክፉ ነበር፤ የንግድ ድቀቱ በበረታበት ላይ ድርቅ ተጨምሮ የአካባቢው ገበሬ ኪሱ ባዶ ሆኖ ነበር። ባልና ሚስቱ አምስት ዓመት ሞክረው ካልተሳካላቸው ለቅቀው ለመሄድ ተስማሙ፤ ከሱቁ በስተኋላ ባለው ክፍልም ልጃቸውን ይዘው መኖር ጀመሩ።

አምስቱ ዓመት ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በ1936 በሐምሌ ወር አንድ እሑድ ቀን፣ ባለቤታቸው ሚስስ ዶረቲ ጥቂት ለመተኛት ገብተው ሳለ በአውራ ጎዳናው የሚያልፉት አውቶሞቢሎች ድምፅ እንቅልፍ ነሣቸው። ነገር ግን በድምፁ ከመበሳጨት ይልቅ ስለ መንገደኞቹ ማሰብ ጀመሩ። ያን ሜዳ በዚያ ሐሩር አቋርጦ የሚመጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመኘው ምንድን ነው? ቀዝቃዛ ውሃ ነው። በአሜሪካ በዚያን ዘመን መድኃኒት ቤት አይስ ክሬምና ለስላሳ መጠጥም ይሸጥ ስለነበር በረዶ ከሱቃቸው አይጠፋም ነበር።

ሚስተር ሂውስቴድ አንድ ተማሪ ረዳት ይዘው ሰሌዳዎች አዘጋጁ። ማስታወቂያው በአንድ ሰሌዳ ላይ የሚያልቅ አልነበረም፤ ጥቂት ጥቂት ቃል እየተከፈለ ተራርቀው በተተከሉ ሰሌዳዎች ላይ ስለተጻፈ፣ ነጂው መጨረሻውን ለማወቅ እየጓጓ ይቀርባል፤ በመጨረሻም የበረዶ ውሃ በነጻ እንደሚሰጥ ያነባል። ባለሱቁ ሰሌዳዎቹን ተክለው ሲመለሱ መንገደኞቹ ቀድመዋቸው ደርሰው፣ ሚስስ ዶረቲም ውሃ ለመቅዳት ሲጣደፉ አገኙ። በሚቀጥለው ዓመት የሙቀት ወራት ስምንት ልጃገረዶች ለሥራው መቅጠር ግድ ሆነ።

ነገሩን በነጋዴ ዓይን ስንመረምረው፣ እነዚህ ሰዎች አዲስ መንገደኛ አልፈጠሩም። ከ1927 እስከ 1941 የአራት ፕሬዚዳንቶች ፊት የተቀረጸበትን የራሽሞር ተራራ ለማየት የሚሄደው ሕዝብ በደጃቸው ያልፍ ነበር፤ የጎደለው የሚያቆመው ምክንያት ብቻ ነበር። የውሃው ወጪ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከአውቶሞቢሉ ወርዶ ጥሙን የቆረጠ ሰው ግን ልጁ አይስ ክሬም ስትለምነው እምቢ ለማለት ይቸግረዋል። ውሃው ደግሞ ለማታለያ የቀረበ አልነበረም፤ ጠጥቶ ምንም ሳይገዛ የሚሄደውን የሚከለክለው አልነበረም።

በ1965 በአውራ ጎዳናዎች ዳር የሚተከሉ ማስታወቂያዎችን የሚገድብ ሕግ ሲወጣ፣ በሰሌዳ ለቆመ ሱቅ ጊዜው አስጊ ነበር። ሱቁ ግን አልፈረሰም፤ ዛሬም በመንገዱ ዳር ብዙ ሰሌዳዎች ሲኖሩት፣ በአዲሱ አውራ ጎዳና መውጫ አጠገብ 24 ሜትር ያህል የሚረዝም የጥንት አውሬ ምስል ቆሞ መንገደኛውን ይጠራል። ሱቁ አሁን 7,000 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ የጎብኚው ቁጥር በዓመት እስከ ሁለት ሚሊዮን ይገመታል። ከሚሸጠው ዕቃ ብዙው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቤት ሲደርስ ማስቀመጫ የሚታጣለት ነው፤ ቀንድ የበቀለለትን ጥንቸል ማን ሳሎኑ ውስጥ ያኖረዋል? ጫማውና የሥዕሉ ስብስብ ግን የሚናቁ አይደሉም።

መንገደኛ የማያልፍበት ከተማስ? በሚዙሪ የምትገኘው ሃሚልተን፣ ታላቁ ነጋዴ ጄ. ሲ. ፔኒ በ1875 በአቅራቢያዋ የተወለዱባት ከተማ፣ ነዋሪዎቿ ሁለት ሺህ አይሞሉም። በ2008 አንድ ቤተሰብ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ የሚሰፋበትን ሥራ ጀመረ፤ እናቲቱም አሰፋፉን በኢንተርኔት ፊልም በነጻ ማስተማር ያዙ። ፊልሙን አይተው የተማሩት ሴቶች ጨርቁን ያዘዙት ከዚያው ነው፤ ኋላም ራሳቸው ወደ ከተማዋ መምጣት ጀመሩ። ተዘግተው የነበሩ ሱቆች አንዳንዱ ለአንድ ዓይነት ጨርቅ ብቻ ተመድበው ተከፈቱ። ሚስቶቻቸውን ለሚጠብቁ ባሎች ደግሞ የሚያርፉበት ምቹ ወንበርና ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ተዘጋጀላቸው።

በዎል ውሃው ዛሬም በነጻ ይቀዳል። የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ አምስት ሣንቲም ነው፤ ወታደርና አዲስ ሙሽራ ግን ይህንኑም አይከፍሉም።