የካርቦን ታክስ ወደ ማሳ የሚደርስበት መንገድ

ሰኔ ሲገባ የበቆሎ አምራቹ አርሶ አደር ትልቁ ጥያቄ ዩሪያው መቼ ይደርሳል፣ ኩንታሉስ በስንት ይሸጣል የሚል ነው። ማዳበሪያው ከውጭ ተገዝቶ በመርከብ ጅቡቲ ይራገፋል፤ ከዚያም በከባድ ተሽከርካሪ ተጓጉዞ በዩኒየኖችና በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል እጁ ይገባል። ሲመረት የተፈጥሮ ጋዝ ይፈጃል፣ ባሕር ላይ የመርከብ ነዳጅ፣ የብስ ላይ ደግሞ ናፍጣ። የካርቦን ታክስ የሚያርፈው በእነዚሁ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ታክሱን ባትጥልም ጉዳዩ ለአርሶ አደሩ ሩቅ አይደለም።

በአፍሪካ ቀዳሚ ሆና ታክሱን የጀመረችው ደቡብ አፍሪካ ናት። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2019 ሲሆን፣ ለአንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 120 ራንድ ተቆረጠ። ለኢንዱስትሪዎች በተሰጠው ሰፊ ቅናሽ ምክንያት ግን በተግባር የሚከፈለው ከ6 እስከ 48 ራንድ ብቻ ነበር። አብዛኛውን ኤሌክትሪኳን ከድንጋይ ከሰል የምታመነጭ አገር በአንድ ጊዜ ሙሉውን ብትጭን ፋብሪካዎቿ ይናጉ ነበርና ቀስ በቀስ መጀመሩን መርጣለች። ከብት እርባታና የእርሻ መሬት በመጀመሪያው ምዕራፍ ከታክሱ ውጪ ሆነዋል። ሆኖም በነዳጅ ማደያ በኩል በሊትር ቤንዚን 9 ሳንቲም፣ በናፍጣ 10 ሳንቲም ተጨምሯል። ትራክተር የሚነዳው ገበሬ ከብቱ ነፃ ቢወጣለትም ናፍጣው ላይ ታክሱ አግኝቶታል።

በታዳጊ አገሮች የታክሱ ጫና ማን ላይ ያርፋል የሚለው ጥያቄ ቀላል መልስ የለውም። ድሃው ቤተሰብ መኪና ስለሌለውና ነዳጅም ብዙ ስለማይገዛ በቀጥታ የሚከፍለው ጥቂት ነው። ጫናው የሚመጣው በትራንስፖርት በኩል ነው። ከገበያ ርቆ የሚኖር አርሶ አደር ደግሞ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ናፍጣ ሲወደድ የጭነቱ ዋጋ በማዳበሪያው ላይ ይጨመርበታል፤ ምርቱን ሲሸጥም ነጋዴው ያንኑ የጭነት ወጪ ከእህሉ ዋጋ ላይ ይቀንስበታል። ከአስፋልት ዳር ያለውና ከወረዳ ከተማ ርቆ ያለው አርሶ አደር አንድ ዓይነት ታክስ ቢጣልባቸውም ጉዳታቸው አንድ አይደለም።

ማዳበሪያውን ለብቻው እንመልከት። አንድ ቶን አሞኒያ ከተፈጥሮ ጋዝ ለማምረት ወደ 2 ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ለአንድ ቶን ዩሪያ ከግማሽ ቶን ጥቂት የሚበልጥ አሞኒያ ስለሚያስፈልግ፣ ድርሻው አንድ ቶን ገደማ ነው፤ ከዚህም ከፊሉ በዩሪያው ውስጥ ገብቶ የሚለቀቀው ማሳ ላይ ነው። አምራቹ በቶን 30 ዶላር እንዲከፍል ቢደረግና ሙሉውን በገዢው ላይ ቢጭን፣ በኩንታል 3 ዶላር ይሆናል። ለአንድ ሄክታር በቆሎ 2 ኩንታል ዩሪያ ለሚጠቀም አርሶ አደር 6 ዶላር ማለት ነው። ወደ ብር ሲቀየር የሚናቅ አይደለም። ጋዝ አምራቾቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮች የካርቦን ታክስ ስለሌላቸው ይህ ለጊዜው ስሌት ብቻ ነው።

ቀድሞ ሊመጣ የሚችለው የባሕሩ ነው። የዓለም አቀፉ የባሕር ጉዞ ድርጅት አባል አገራት መርከቦች ለሚለቁት ጋዝ እንዲከፍሉ የሚያደርግ ማዕቀፍ ላይ ሲመክሩ ቆይተው፣ ጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ውሳኔውን በአንድ ዓመት አራዝመዋል። ወደብ አልባ ሆና ማዳበሪያዋን በመርከብ ለምታስገባ አገር የዚህ ድርድር ውጤት ከአውሮፓው ሕግ የበለጠ ይመለከታታል።

አውሮፓ ኅብረት ከጥር 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የሚተገብረው የድንበር ካርቦን ክፍያ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ሲሚንቶ፣ ማዳበሪያ፣ ሃይድሮጅንና ኤሌክትሪክን ይነካል። ቡና፣ አበባና ሰሊጥ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ላኪው አገር ራሱ ያስከፈለው የካርቦን ዋጋ ከድንበሩ ክፍያ ላይ ይቀነሳል። ታክሱን አገር ውስጥ መጣል ገንዘቡን ከብራስልስ ይልቅ በራስ ካዝና ማስቀረት ነው የሚለው ክርክር የተነሣውም ከዚህ ነው። ካዝና ውስጥ የገባው ገንዘብ ወደ አርሶ አደሩ ይመለሳል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ደቡብ አፍሪካ ለተወሰነ ዓላማ አልመደበችውም፤ ከጠቅላላው በጀት ጋር ይቀላቀላል።

ካርቦን ለአርሶ አደሩ ወጪ ብቻ እንዳልሆነ በወላይታ የሁምቦ ተራራ ታይቷል። 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት ከንክኪ ተከልሎ ሲያገግም፣ 7 የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከዓለም ባንክ የካርቦን ፈንድ ገንዘብ አግኝተዋል። ክፍያው የመጣው ግን ከታክስ ሳይሆን ከሽያጭ ነው፤ ገዢ ካልተገኘ ገቢው ይቋረጣል።

አሁን ደግሞ በሶማሌ ክልል ጎዴ፣ በካሉብና ሂላላ ጋዝ ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና ዳንጎቴ ግሩፕ ነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ተፈራርመዋል። ታቅዶ ያለው በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ነው። ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር የዩሪያው መንገድ ያጥራል፤ መርከቡም ይቀራል። ከጋዙ የሚወጣው ካርቦን ግን በኢትዮጵያ ስም ይመዘገባል፤ ትርፉ ወደ አውሮፓ የሚላክ ከሆነም ክፍያው ጎዴ ላይ ይጀምራል።