ፕሮዳክት ማናጀር፦ ከትልቅ ኩባንያ ወይስ ከጀማሪ?

እ.ኤ.አ. በሜይ 1931 ኒል ማክኤልሮይ የተባለ የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ወጣት ሠራተኛ ለአለቆቹ የሦስት ገጽ ማስታወሻ ጻፈ። ካሜይ የተባለውን ሳሙና የማስተዋወቅ ሥራ ይዞ ነበር፤ ሳሙናው ደግሞ ከራሱ ከኩባንያው አንጋፋ ምርት፣ ከአይቮሪ ጋር ሳይቀር ይሻማ ነበር። ማክኤልሮይ እያንዳንዱ ምርት የራሱ ኃላፊ ይኑረው አለ፤ ሽያጩን የሚከታተል፣ የቀነሰበትን ምክንያት ገበያ ወርዶ የሚያጣራ፣ መፍትሔውን የሚያቀርብ ሰው። እሱ በኋላ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ሆነ፤ ሐሳቡ ግን ከሳሙና ወደ ሶፍትዌር ተሻግሮ የዛሬውን የፕሮዳክት ማናጀር ሙያ አስገኘ።

የሙያው ሥራ ሦስት ጥያቄ መመለስ ነው፦ ምን ይሠራ? ለማን? የቱ ይቅደም? ፕሮግራመሮቹና ዲዛይነሮቹ አብዛኛውን ጊዜ የፕሮዳክት ማናጀሩ የበታች አይደሉም። ስለዚህ የሚመራቸው በማሳመን እንጂ በትእዛዝ አይደለም።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሙያውን በሥርዓት ያስተምራሉ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2002 በማሪሳ ሜየር መሪነት ወጣት ምሩቃንን የሚያሠለጥን የሁለት ዓመት መርሐ ግብር ጀመረ፤ የመጀመሪያው ተመልማይ ብራያን ራኮውስኪ ጂሜይል ላይ ተመደበ። አማዞን ውስጥ አዲስ ሐሳብ ያለው ሰው ምርቱ አልቆ የወጣ ያህል አስቀድሞ ጋዜጣዊ መግለጫውን ይጽፋል። ለስብሰባ እስከ ስድስት ገጽ የሚደርስ ጽሑፍ ይቀርባል፤ ተሰብሳቢውም ከውይይቱ በፊት በዝምታ ያነበዋል።

እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ሰው የሚይዘው የክፍያውን ገጽ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ትንሽ ለውጥ ሚሊዮኖችን ስለሚነካ በጥቂት ተጠቃሚዎች ላይ ይሞከራል፣ ውጤቱ ይለካል፣ የሕግና የደኅንነት ክፍሎችም ያዩታል። ትምህርቱ ትዕግሥት፣ ልኬትና ጥርት ያለ ጽሑፍ ነው።

ጀማሪ ኩባንያ ውስጥ ይህ ሁሉ የለም። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ፕሮዳክት ማናጀር መሥራቹ ራሱ ነው። ኬቪን ሲስትሮም ጉግል ውስጥ ሳለ ወደዚያው መርሐ ግብር መግባት ሳይሆንለት ቀርቶ ለቀቀ። ቆይቶ በርበን የተባለ መተግበሪያ ሠራ፤ ያሉበትን ቦታ ማሳወቅ፣ ቀጠሮ መያዝ፣ ፎቶ መለጠፍ ሁሉም ነበረበት። እሱና አጋሩ ማይክ ክሪገር ሰው የወደደው ፎቶውን መሆኑን ሲያዩ የቀረውን አራገፉት። መተግበሪያው በኦክቶበር 2010 ኢንስታግራም ተብሎ ወጣ፤ በኤፕሪል 2012 ፌስቡክ በአንድ ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ሲስማማ ሠራተኞቹ 13 ብቻ ነበሩ።

ልዩነቱ አዲስ አበባም ይታያል። ስማርት ስልክ የሌለውን ደንበኛ እንዴት እናገልግል የሚለው ጥያቄ ለጀማሪውም ለግዙፉም አንድ ነው፤ መልሱ ግን ይለያያል። ሳምራዊት ፍቅሩ ማታ ታክሲ ማግኘት ቢቸግራት የጀመረችው የታክሲ ጥሪ አገልግሎት፣ ራይድ፣ 8294 ላይ የሚደወልለት የጥሪ ማዕከል አቆመ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር የተባለውን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ያስጀመረው ኢትዮ ቴሌኮም ግን የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ አውጥቶ፣ በራሱ ኔትወርክ ላይ *127# የተባለውን አጭር ኮድ ዘረጋ።

ክፍያውም ይለያያል። ትልልቆቹ የተረጋጋ ደመወዝ ይሰጣሉ፤ ጀማሪዎቹ አነስ ያለ ደመወዝና የባለቤትነት ድርሻ። ኩባንያው ከከሰረ ድርሻው ዋጋ የለውም።

ለሙያው አዲስ የሆነ ሰው ሥራውን የሚያርምለት አንጋፋ ያለበትን ቦታ ቢያስቀድም ይሻለዋል፤ ይህም በብዛት የሚገኘው በትልልቆቹ ዘንድ ነው። መሠረቱን የያዘና ሙሉ ኃላፊነት የናፈቀው ደግሞ ወደ ጀማሪው ይሂድ። የትም ቢሆን ከመፈረምዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ምን እንደሚሠራ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ማን ነው? ከተጠቃሚዎችስ ጋር በወር ስንት ጊዜ እገናኛለሁ?