ጠባቡ ስክሪንና ሰፊው ገጽ

የብራና ጸሐፊ ቆዳውን ፍቆ፣ ዳሩን በወስፌ ወግቶ፣ መስመሩን አስምሮ የመጀመሪያውን ቃል ከመጻፉ በፊት የገጹን ወርድ ያውቃልና፣ ለታላቁ መጽሐፍ ሁለት ወይም ሦስት ዐምድ፣ ለዳዊት አንድ ዐምድ መድቦ፣ ኅዳጉንም በልክ አስቀርቶ ይጽፋል። ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ግን ይህ ዕውቀት የለውም፤ አንባቢው በቢሮ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ሰፊ ስክሪን ይየው ወይም አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ በመዳፉ በያዘው ስልክ ይየው አስቀድሞ ሊረዳ አይችልም። ስለዚህ በሠሪውና በአንባቢው መካከል ቆሞ ገጹን ከስክሪኑ ጋር የሚያስማማ አንድ ፕሮግራም አስፈለገ፤ እርሱም ብራውዘር ነው። አገልግሎቱን ዕለት ዕለት እየተቀበልን የአሠራሩን ምስጢር ሳናስተውል የምናልፍ ብዙዎች ስለ ሆንን፣ ጥቂት ላብራራው እወዳለሁ፤ ዓመቶቹንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

የእጅ ስልክ ከኢንተርኔት ጋር በተዋወቀበት በመጀመሪያው ዘመን የተመረጠው መንገድ መለያየት ነበር። በ1999 ገበያ ላይ የዋለው ኖኪያ 7110 ይከፍት የነበረው ዋፕ በተባለው ሥርዓት ለስልክ ብቻ ተለይተው የተጻፉትን እጅግ አጫጭር ገጾች ነበርና፣ ዋናው ድር ለባለ ስልኩ የተዘጋ ደጅ ሆኖ ቆየ። የኖርዌዩ ኦፔራ ኩባንያ በ2006 ለዓለም ሁሉ ያቀረበው ኦፔራ ሚኒ ሌላ ብልሃት ይዞ መጣ፤ ይኸውም ገጹን ስልኩ ራሱ ከመቀበል ይልቅ የኩባንያው ሰርቨር ተቀብሎ፣ አጭቆና አቅልሎ እንዲልክለት ነው። ዳታ ውድ፣ ኔትወርክም ደካማ በነበረበት ጊዜ በአገራችን ብዙ ሰው የተገለገለበት ስለ ሆነ ውለታው ሊዘነጋ አይገባም።

አፕል በ2007 የመጀመሪያውን አይፎን ባወጣ ጊዜ ግን ሳፋሪ የተባለው ብራውዘሩ ለኮምፒዩተር የተሠራውን ድር ሳይቀንስ እንዳለ ለመክፈት ተነሣ። የስክሪኑ ወርድ 320 ፒክስል ብቻ ሲሆን፣ የዘመኑ ገጾች በብዛት ወደ 1000 የሚጠጋ ወርድ አስበው የተሠሩ ስለ ነበሩ፣ በዚያ ጠባብ ቦታ ይግቡ ቢባሉ ዐምዱ ከዐምድ እየተጋጨ፣ መስመሩም ሁለት ሁለት ቃል እየያዘ ይሰባበር ነበር። ስለ ሆነም ሳፋሪ ለገጹ ወርዱ 980 ፒክስል እንደ ሆነ ይነግረዋል፤ ገጹም ይህንኑ ተቀብሎ በሰፊው ይዘረጋል፤ ብራውዘሩም የተዘረጋውን ወደ ሲሶ አሳንሶ ያሳያል። 16 ፒክስል የነበረው ፊደል ያን ጊዜ አምስት ፒክስል ያህል ይሆናል፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ካዕቡ ከሣልሱ የሚለየው በአንዲት ትንሽ ቅጥያ አቀማመጥ ነውና፣ በዚህ መጠን «ቡ» እና «ቢ» ተለይተው አይታዩም። ይሁን እንጂ አንባቢው የፈለገውን ዐምድ በጣቱ ሁለት ጊዜ መታ መታ ቢያደርገው ያ ዐምድ ብቻ ጎልቶ ስክሪኑን ይሞላል። ለስልክም አስበው ለሠሩ ሰዎች አፕል ቪውፖርት የሚባለውን ታግ ሰጣቸው፤ በገጹ ኮድ ራስጌ ላይ የምትገባ አንዲት መስመር ስትሆን፣ ብራውዘሩ 980ውን ትቶ በስልኩ ትክክለኛ ወርድ እንዲሠራ ታዝዘዋለች። ሌሎቹም ብራውዘሮች ኋላ ተቀብለዋታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ማንነትን መግለጥ ነው። ብራውዘር ማናቸውንም ገጽ ሲጠይቅ ስለ ራሱ የምትናገር አጭር ጽሑፍ ለሰርቨሩ ይልካል፤ በአንድሮይድ ስልክ ያለው ክሮም የሚልካትም ሞዚላ፣ ሊኑክስ፣ አንድሮይድ፣ ክሮም፣ ሞባይል፣ ሳፋሪ የሚሉ ስሞች የተሰለፉባት ናት። የሌሎች ስም በውስጧ የተገኘው፣ ቀድሞ ሰርቨሮች የማያውቁትን ብራውዘር ከተሟላው ገጽ ይከለክሉ ስለ ነበር፣ እያንዳንዱ አዲስ መጤ የቀዳሚዎቹን ስም እየደረበ በመምጣቱ ነው። ሰርቨሩም «ሞባይል» የምትለውን ቃል ሲያገኝ አንባቢውን አድራሻው ላይ «ኤም» የተባለችው የላቲን ፊደል ወደ ተጨመረችበት ሌላ ገጽ ይመራዋል። ይህ አሠራር ብዙ ችግር አስከትሏል፤ ከስልክ የተላከ ሊንክ በኮምፒዩተር ሲከፈት ጠባቡን ገጽ ያመጣል፤ አንድ ጽሑፍ ፈልጎ የመጣውም ሰው ወደ መግቢያው ገጽ ይወረወራል። ከሁሉ የሚከፋው የስልኩ ገጽ ከዋናው ተቀንሶ መሠራቱ ነው፤ ኮምፒዩተር ለሌለው ሰው የተቀነሰው ሁሉ ጨርሶ እንዳልተጻፈ ይቆጠራልና።

አሜሪካዊው የድረ ገጽ ንድፍ ባለሙያ ኢታን ማርኮት በ2010 ባወጣው ጽሑፍ ይህ መለያየት እንዲቀር፣ በምትኩም አንዱ ገጽ እንደ ስክሪኑ ወርድ ራሱን እንዲያስተካክል አሳሰበ፤ ወርዱ ከተወሰነ ልክ ሲያንስ ጎን ለጎን የነበሩት ዐምዶች አንዱ ከሌላው በታች ይደረደራሉ ማለት ነው። ጉግልም በ2015 በስልክ ለሚፈልጉ ሰዎች ለስልክ የሚመቹትን ገጾች ማስቀደም ሲጀምር፣ የዘገዩት ሁሉ ተቻኮሉ።

አሁን በክሮም ጠርዝ ላይ ካሉት ሦስት ነጥቦች ሥር የሚገኘው «ዴስክቶፕ ሳይት» የሚለው ምርጫ ምን እንደሚሠራ መረዳት ይቻላል። ምልክት ሲደረግበት ብራውዘሩ ከማንነት ጽሑፉ አንድሮይድና ሞባይል የሚሉትን አውጥቶ ሊኑክስ ያለው ኮምፒዩተር ነኝ ይላል፤ ነገር ግን ራሱን በወርድ ብቻ የሚያስተካክል ገጽ ስምን ስለማይመለከት፣ ብራውዘሩ የቪውፖርቱንም ትእዛዝ ወደ ጎን ትቶ እንደ ጥንቱ ሰፊ ወርድ ይይዛል። አንድ ሰው የማመልከቻ ቅጽ ሲሞላ የመላኪያው ቁልፍ በስልኩ ገጽ ላይ ቢጠፋበት ወይም የሰንጠረዡ ቀኝ ክፍል ቢቆረጥበት ይህን ምርጫ ይሞክር፤ ብዙ ጊዜ ይሳካል። ሆኖም የመዳፊቱ ቀስት ሲያንዣብብባቸው ብቻ የሚከፈቱ ሜኑዎች አሉ፤ ጣት ደግሞ ሳይነካ ማንዣበብ አይችልምና፣ እነዚህን ምርጫው አያድናቸውም።

እንደ እኔ አስተያየት ይህ ሁሉ ሥርዓት የሚመዘነው ለአንባቢው በተወው ፈቃድ ነው። ያችው የቪውፖርት መስመር አንባቢው ገጹን በጣቱ እንዳያጎላ መከልከል ትችላለች፤ ብዙ ሠሪዎችም ለመልክ ሲሉ ይህን ክልከላ ጽፈው፣ ዓይናቸው የደከመውን አረጋውያን ከጽሑፉ አርቀዋል። አፕል በ2016 ባወጣው አይ.ኦ.ኤስ. 10 ሳፋሪ ክልከላውን እንዳይቀበል አደረገ፤ በአንድሮይድ ክሮምም ቅንብሩ ውስጥ ተደራሽነትን ወደሚመለከተው ክፍል ገብቶ፣ ገጹ ቢከለክልም ማጉላት እንዲፈቀድ ምልክት ማድረግ ይቻላል።